ከሳህኖቹ መካከል የተሰቀለው

ነስሮን ሰው ቤት አስገብቶ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ የሚያደርግ ሰው ሐረር ውስጥ እስካሁን አልተወለደም። ሻይ ሲቀርብለት ብርጭቆውን ከማንሳቱ በፊት ጎንበስ ብሎ የጠረጴዛውን እግር ያያል። የበሩን ማጠፊያ ይነካካል። የቆመ የግድግዳ ሰዓት ካየ ደግሞ ወይ ሰዓቱ ይፈታል፣ ወይ ባለቤቶቹ ይቆጣሉ። ሚስቱ ሳዳ ለቅሶ ቤት ሲሄድ እንኳ «እጅህን ኪስህ ውስጥ አድርግ» ብላ ነው የምትሸኘው።

ይህ ዐመሉ ግን እንጀራው ነው። ፈላና በር አጠገብ፣ ከግንቡ ጥግ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት ጋራዥ አለችው። ከተማው በባጃጅና በአዳዲስ የህንድ ሞተሮች ተጥለቅልቆ ሳለ እሱ አሮጌ ሞተር ብቻ ይሠራል። ተነስቶ ከሄደ ይበቃል አይልም፤ ከፋብሪካ በወጣበት ቀን እንደነበረው ካልሆነ ከእጁ አይለቀውም። ሙያውን ያስተማሩት አስር አለቃ ዘውዴ የሚባሉ፣ ከጎጃም ተመድበው መጥተው ሐረርን ወደው የቀሩ የጦር ሠራዊት መካኒክ ነበሩ። «ብሎን ከመፍታትህ በፊት ማን እንዳሰረው ጠይቅ» ይሉት ነበር። ነስሮ ምክሩን ከሚገባው በላይ ወሰደው፤ ከብሎን አልፎ ሁሉንም ነገር መጠየቅ ጀመረ።

አንድ ሞተር ሲመጣለት መጀመሪያ የሚያነሳው ምላጭ ነው። ቀለሙን በስሱ እየላጠ ይወርዳል፤ ሰማያዊ፣ ከሥሩ ግራጫ፣ ከሥሩ ቡናማ፣ የፋብሪካው ቀለም ብቅ እስኪል ድረስ። እዚያ ሲደርስ ፊቱ እንደ ሕፃን ይፈካል። ከዚያ ሌላው አካል ሁሉ ተፍቆ እንደ አዲስ ሲቀባ፣ ከኮርቻው ሥር የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ከነድርብርብ ቀለሟ ሳይነካ ይተዋታል። ለምን ሲባል «የኖረበትን እንዳይክድ» ይላል። ደንበኞቹ ይስቃሉ፤ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

ከሁሉ አብልጦ የወደዳት ግን የራሱ የሆነችውን ቀይ የጣሊያን ሞተር ነው። ድሬ ጠያራ አንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ ዶሮ ሰፍሮባት አገኛት። ገበሬው ከሌላ ሰው፣ ያ ሰው ደግሞ ከሌላ ሰው ገዝቷታልና መጀመሪያ የማን እንደነበረች የሚነግረው ጠፋ። ዓመታት ፈጅቶ ብሎኗን ሁሉ አሟልቶላታል። የጎደላት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከፊት መብራቷ ቀፎው አለ፤ ብርሃኑን ወደፊት የሚመልሰው የሚያብረቀርቅ ጎድጓዳ ሳህንና መስተዋቱን አቅፎ የሚይዘው ቀለበት ግን የሉም። ድሬዳዋ አሸዋ ገበያን፣ አዲስ አበባ ሄዶ ምናለሽ ተራን አገላብጧል። ቆርቆሮ ቀጥቃጭ አስመስሎ ይሥራልህ ሲሉት ተቆጣ። እናም ሞተሯ አምራና ተወልውላ፣ ፊቷ ላይ ጉድጓድ ይዛ ቆማ ትኖራለች።

የልጁ የሂክማ ነገር የመጣው በዚህ መሐል ነው። ሂክማ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ከሰዒድ ጋር ከተዋደዱ ቆይተዋል። የሰዒድ ሽማግሌዎች መጥተው ጠይቀው፣ እነ ነስሮም እሺ ብለው፣ የሚቀረው ቀን መቁረጥ ነበር። የሰዒድ እናት ባላቸው የሞተባቸው፣ አቦከር ውስጥ በድሮ ቤታቸው የሚኖሩ የተከበሩ ሴት ናቸው። በሐረሪዎች ወግ ለእናት «አይ» ይባላልና ሰፈሩ ሁሉ አይ ዋፊቃ ይላቸዋል። ሁለቱ ቤተሰብ እንዲተዋወቅ ብለው ከጁምዓ ሶላት በኋላ ምሳ ጠሩ። ቀኑም እዚያው ሊቆረጥ ነው። ሳዳ ያን ቀን ስለ እጅና ስለ ኪስ ሦስት ጊዜ አሳሰበችው።

የሐረሪ ቤት ውስጡ ከፍና ዝቅ ያለ መደብ ነው፤ ነደባ ይሉታል። ከነደባው በላይ ያለው ግድግዳ ደግሞ ሙሽራዋ ከእናቷ ቤት ይዛው የመጣችው ሰፌድና ሳህን ከላይ እስከ ታች የሚሰቀልበት ነው። እንግዳ ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው፤ ግድግዳው ሙሉ ከሆነ የሙሽራዋ ወገን ኮራ፣ ባዶ ቦታ ከታየ ወሬው ጀጎልን ዞሮ ይመለሳል። የአይ ዋፊቃ ግድግዳ ሙሉ ነበር። አበባ ያለው፣ ጠርዙ ወርቃማ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ሁሉም አቧራ የማያውቀው። ነስሮ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ሽማግሌው ዱዓ አደረጉ። ምግቡ ቀረበ። የእሱ ዓይን ግን ግድግዳው ላይ ቀረ።

ከበሩ በላይ፣ ከሁለት ሳህኖች መካከል፣ አንድ የብር መልክ ያለው ጎድጓዳ ነገር ተሰቅሏል። መሐሉ ላይ ትንሽ የስንደዶ አበባ አለው። ነስሮ አበባውን አላየም። ያየው ጠርዙን ባቀፈው ቀለበት ላይ ያለችውን የጥፍር ያህል ምላስና ከታች ያለችውን የብሎን ቀዳዳ ነው። ሽማግሌው «እንግዲህ ቀኑን ኢንሻአላህ...» ብለው ሲጀምሩ ነስሮ ተነሳ፣ ነደባው ላይ ወጣ፣ ሳህኑን ከምስማሩ አወረደና ገለበጠው። ከአበባው ሥር አምፖል የሚገባበት ቀዳዳ ነበረ።

«ይሄ እኮ ሳህን አይደለም» አለ በደስታ፣ ከፍ አድርጎ እያሳየ። «የሞተር መብራት ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከጥግ አንዲት ሴት ሳቋን አፈነች፣ ሌላዋ ማፈን አቃታት። ሳዳ ዓይኗን ጨፈነች። አይ ዋፊቃ ተነስተው ዕቃውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉት፣ መልሰው ሰቀሉት፣ ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ ብሉ ብለው ተቀመጡ። ፊታቸው ግን ደም የቀረው አይመስልም ነበር። ቀኑን ያነሳ ሰው አልነበረም።

በሳምንቱ ከእነ ሰዒድ ቤት መልእክት መጣ፤ ነገሩ ትንሽ ይቆይ የሚል። ትንሽ ይቆይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሐረር ውስጥ የማያውቅ የለም። ሳዳ ባሏን አልተሳደበችም፤ የምግቡን ሳህን ብቻ ከፊቱ አስቀምጣ ትሄድ ነበር። የባሰበት የሂክማ ነው። ከሥራ መጥታ በር ላይ ቆማ «አባ፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ለእኔ ብለህ፣ ባታይ ምን ነበረበት?» አለችው። ሽማግሌ ለመላክ አሰበ፤ ሽማግሌዎቹ ምን ብለው እንደሚጀምሩ ግን ጠፋቸው። ነስሮ ያፍራል፣ ያዝናል፣ ግን ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ፣ በሐዘኑም መካከል ያ መብራት እንዴት እዚያ ግድግዳ ላይ እንደወጣ ማሰቡን መተው አልቻለም። በዚህም ራሱን ጠላው።

አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ጋራዡ በር ላይ ጥላ ወደቀ። አይ ዋፊቃ ነበሩ፤ ብቻቸውን፣ ከሻሻቸው ሥር የተጠቀለለ ነገር አቅፈው። ነስሮ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተንደረደረና ይቅርታ መጠየቅ ጀመረ። እሳቸው አላስጨረሱትም።

«አርባ ዓመት ተሰቅሎ ማንም አላወቀውም። ባሌም፣ አላህ ይርሐመው፣ ሳያውቅ ሞተ። አንተ እንዴት አወቅኸው?»

ነስሮ ማስረዳት አያውቅም፤ ማሳየት ነው የሚያውቀው። ቀይዋን ሞተር ወደ ብርሃን ገፋ አድርጎ ባዶውን ቀፎ አሳያቸው። አይ ዋፊቃ ዙሪያዋን ዞሩ። አባታቸው አው ዑመር ሞተር ነበራቸው፤ የሳቸው ግን እንዲህ ሙሽራ አትመስልም ነበር፣ ቀይም አልነበረችም፣ አረንጓዴ ነበረች አሉ። አረንጓዴ የሚለውን ሲሰማ የነስሮ እጅ ቀድሞት ወደ ኮርቻው ሄደ። ፈታ፣ አነሳ። ከሥሩ ያቺ ሳትቀባ የቀረች ቦታ ነበረች፤ ከታች ቀይ፣ ከላይዋ ግራጫ፣ ከሁሉ በላይ አረንጓዴ።

አይ ዋፊቃ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። በጣታቸው ነኩት። «የበራችን ቀለም ነው» አሉ። ለዒድ በሩ ሲቀባ የተረፈውን አባታቸው ሞተሩ ላይ ያፈሱ ነበር።

ከዚያ ቆመው እንዳሉ ነገሩት። እሳቸው ሲዳሩ እናታቸው ቀድመው ሞተው ነበር፤ ለሙሽራዋ ግድግዳ የሚሆን ዕቃ ከዘመድ ከጎረቤት ተለቃቅሞ፣ ከበሩ በላይ አንድ ቦታ ባዶ ቀረ። በማግስቱ የባል ወገን ሊያይ ይመጣል። አባትየው ወጥተው ቆይተው የሚያብለጨልጭ ነገር ይዘው መጡ፤ አክስቲቱ ቀዳዳውን በስንደዶ አበባ ሸፈነችው። ሁሉም አደነቀ። በኋላ መልሶ ማውረድ አልተቻለም፣ ከወረደ ጉዱ ይታያላ።

ነስሮ እየሰማ ጥቅሉን ከእጃቸው ተቀብሎ፣ መብራቱን አውጥቶ፣ አበባውን በጥንቃቄ ነቅሎ፣ አምፖልና መስተዋት አግብቶ ቀፎው ላይ አስጠጋው። ምላሷ ገባች። ብሎኑ ያዘ። በዚያ ደስታ ውስጥ ሆኖ፣ እንደ ልማዱ፣ ጠየቀ።

«ይሄ ከተነቀለ በኋላ እኮ አባትዎ መብራት የላቸውም። በጨለማ እንዴት ይነዱ ነበር?»

አይ ዋፊቃ መነጽራቸውን አወለቁ። ነስሮ ቀና ብሎ አያቸው።

«አይነዳም ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ከሱብሒ በፊት በጨለማ ከዳቦ ቤት ዳቦ የሚያደርስ እሱ ነበር። እኔ ካገባሁ በኋላ ተወው። ዓይኔ ደከመ አለን። ድሬዳዋ ሐኪም ቤት ወሰድኩት፤ ሐኪሙ ዓይኑ ደህና ነው ሲለኝ፣ ይሄ ሐኪም አያውቅም ብዬ ተቆጥቼ ተመለስኩ። ከዚያ ሞተሩን ሸጠው። እስኪሞት ድረስ ሸዋ በር መሬት ላይ ተቀምጦ ጨው ሲቸረችር ኖረ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «እኔ ጌጥ ብቻ የሰጠኝ ነበር የመሰለኝ።»

ነስሮ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምነው ባልጠየቅሁ አለ። እንባው መጣ፤ በዘይት እጁ ጠረገውና ፊቱን አጠቆረ። ዓመታት የፈለገውን መብራት መልሶ መፍታት ጀመረ። ይውሰዱት፣ ቦታው ላይ ይስቀሉት፣ ሰው ሁሉ ፊት እኔ ተሳስቼ ነበር እላለሁ አላቸው።

«ተወው» አሉ አይ ዋፊቃ። «አብራው።»

ባትሪውን አገናኘ። ሞተሯ ሁለት ጊዜ አስነጥሳ ተነሳች፣ መብራቱም በራ። ቀን ስለሆነ እምብዛም አይታይም። አይ ዋፊቃ መዳፋቸውን ፊት ለፊቱ ዘረጉ፤ ብርሃኑ እዚያ ላይ ሲያርፍ ታየ፣ ቢጫና ክብ። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ግድግዳዬ ላይ ባዶ ቦታ አለ አሁን» አሉ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። «የፈለገ ይየው። ቀኑን ለመቁረጥ ሰኞ ኑ። ለሂክማ ደግሞ ንገራት፣ ለቦታው የሚሆን ካላት ታምጣ፣ ከሌላት ባዶውን ይኑር። አባትሽ ከራሱ ነቅሎ እንዳይሰጥሽ ብላለች በላት።»

ነስሮ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ሞተሯ እየሠራች ነበር፤ አይ ዋፊቃም እጃቸውን ከብርሃኑ አላነሱም።