ከቡሬ ያመጣሁት ብሎን

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ክረምት፣ ሚካኤል ቅዳሜ ላይ በዋለበት ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል፣ የባሰም አይቻለሁ። ግን ሰው ሲደክመው ስንት ነገር ሳያይ እንደሚያልፍ የገባኝ በዚያች ቀን ምክንያት ስለሆነ አልረሳትም።

የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው፤ አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ ይበልጣል የአይሱዙ ሾፌር ነበር። ከፈረስ ቤት ድንች፣ ከቡሬ በርበሬ እየጫነ ዕድሜውን መንገድ ላይ የጨረሰ ሰው ነው። ታዲያ ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ከዱት። ነፍሱ ተርፋለች፣ ተመስገን። ከሆስፒታል ይዤው የተመለስኩት ግን ሌላ ሰው ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ብጠራው አይመልስም፣ ብቆጣውም አይመልስም።

ሐኪሞቹ እጅህን አሠራው ብለውታል። ኳስ ጨብጥ፣ ባቄላ ከአንዱ ሰሃን ወደ ሌላው እየለቀምህ አስቀምጥ አሉት። አንድ ቀን ሞከረና ሰሃኑን ገፋው። አይሱዙ የነዳ ሰው ባቄላ ለቀማ አይቀመጥም አለ። እኔም መለመን ሰለቸኝ። ጠዋት አነሣዋለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ አበላዋለሁ፣ አስተምሬ ስመለስ እንደተውኩት አገኘዋለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ እየተሻለው ነው እላለሁ። ምኑም አልተሻለውም ነበር።

አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሙ አንድ ካርቶን ላከለት። በሪሞት የሚሄድ ትንሽ መኪና ነው፤ ግን ተገጣጥሞ የመጣ አይደለም። ሻንሲው፣ ሞተሩ፣ ጎማው ሁሉ ለየብቻው በላስቲክ ታሽጎ ከእፍኝ ብሎን ጋር ነው የመጣው። ባለቤቱ ራሱ እንዲገጥመው ነው። ሳየው በገንኩ። የታመመ ሰው ቤት መጫወቻ ይላካል ወይ ብዬ ሰውየውን በሆዴ አማሁት።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ይበልጣል ተቀምጧል። ማንም ሳያነሣው ትራሱን ተደግፎ፣ የመመሪያውን ሥዕል ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ብሎኖቹን በትልቅ በትንሹ እየለየ በሻይ ሰሃኖች ላይ ያስቀምጣል፤ በዚያች በማትታዘዝ እጁ። ባቄላ አልለቅምም ያለ ሰው ከስንዴ ቅንጣት የማይበልጥ ብሎን ይለቅማል። ከተናገርኩ የሚተወው መሰለኝ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ሥራው እያደር ገፋ። የወደቀ ብሎን ፍለጋ እየተንፏቀቀ አልጋ ሥር ይገባል። አንዳንዴ ይሳደባል፤ አንዳንዴም ድሮ ሞተር ሲከፍት እንደሚያደርገው ለራሱ ያንጎራጉራል። ራቱን ራሱ መጠየቅ ጀመረ። እኔም አንድ ሁለት ሌሊት ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

ይህን ሁሉ ያስቆመው አንድ ብሎን ነው። ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚይዘው ነው። አናቱ ላይ ባለ ስድስት ጎን ጉድጓድ አለው፤ የሚፈታውም አለን በሚሉት ቀጭን ቁልፍ ነው። መመሪያው ብሎኑ በንዝረት እንዳይላላ ጠብታ ማጣበቂያ ይደረግበት ይላል። ከካርቶኑ ጋር የመጣችው ማጣበቂያ መንገድ ላይ ፈስሳ አልቃ ነበር። ይበልጣል በሱፐር ግሉ ተካት። በዚያ ላይ የአይሱዙ ጎማ ይመስል አጠበቀው። በእኛ አገር ኮረኮንች የነዳ ሰው፣ ያልጠበቀ ሁሉ ይወድቃል ብሎ ነው የሚያምነው።

ለካ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ተጠግቶ ኖሮ የማርሾቹ ጥርሶች ተናክሰው ጎማው አልዞር አለ። ብሎኑ ተፈትቶ ሞተሩ ትንሽ ፈቀቅ ማለት አለበት። ሊፈታው ሲታገል ቁልፉ ተጣመመበትና የጉድጓዱ ጎኖች ተበሉ። ከዚያ በኋላ ቁልፉ ውስጡ ይዞራል እንጂ አይነክስም። እኔም ላግዝ ብዬ፣ በር ሲጢጥ ሲል እንደማደርገው የኑግ ዘይት ጠብ አደረግሁበት። ይባስ ብሎ አንሸራተተ።

ይበልጣል ብዙ ከታገለ በኋላ ቁልፉን አስቀመጠ። ቀኝ እጁን በግራ እጁ አንሥቶ፣ የሰው ዕቃ እንደሚመልስ ሰው፣ ጭኑ ላይ አኖረው።

"ሰኞ ባዲስ አበባው አውቶብስ መልሽለት" አለኝ።

ብሎኑን ነው ብዬ ስጠይቀው ሁሉንም ነው አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ያን ቀን እህል አልቀመሰም። ያ ካርቶን ከቤቴ ከወጣ ይህ ሰው ዳግመኛ እንደማይነሣ አወቅሁ። እንዴት አወቅሽ ብትሉኝ፣ አብሬው የኖርኩ ሚስቱ ነኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ ሞተሩን ከነሻንሲው ከነብሎኑ በነጠላዬ ጫፍ ጠቅልዬ ወጣሁ። ጎረቤቴን አደራ አልኳት፤ እሱን ገበያ እሄዳለሁ አልኩት። ቀና ብሎም አላየኝ።

ሰፈራችን ያለው በያጅ ቀዳሚት ሰንበት ነው፣ በዚያ ላይ ሚካኤል ነው፣ ዛሬ ብረት አልነካም ብሎ በጨዋ ቃል መለሰኝ። አልፈረድኩበትም። በእኛ ዘንድ በሚካኤል ብረት የቀጠቀጠ ሰው፣ በሳምንቱ በረዶ ወርዶ የሰው ማሳ ቢመታ ጣት የሚቀሰረው በእሱ ላይ ነው። ሌላውም ጋራዥ ዝግ ነው። እስከ ሰኞ እንዳልጠብቅ ሰኞ ካርቶኑ ይሄዳል፤ መንገዱም ዛሬ ተከፍቶ ነገ የሚዘጋበት ጊዜ ነበር። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቡሬ ጥቃቅን መሣሪያ ያለው የባጃጅ ጠጋኝ አለ ስትል ሰምቼ ነበርና ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ማንኩሳ ላይ ሰው እስኪሞላ ተብሎ ቆምን። ዝናቡ በመስኮቱ እየገባ ትከሻዬን አራሰኝ። ቡሬ ደርሼ በጭቃው ውስጥ እየጠየቅሁ ሱቁን አገኘሁት፤ ተቆልፏል። አጠገቡ ያለች ሴት፣ ጠጋኙ ለማኅበር ወደ ገጠር እንደሄደ ነገረችኝ። ነገሩ ያስቃል፤ ፍኖተ ሰላም የከለከለኝ ሚካኤል ቡሬ የሌለ መስሎኝ ነበር።

ቀጥሎ ካለው ቤት በረንዳ ላይ አግዳሚ ወንበር አየሁና ሄጄ ተቀመጥኩ። ለመመለስ እንኳ አቅም አልነበረኝም። እጄን ጉንጬ ላይ አድርጌ ዝናቡን እያየሁ ቀረሁ። ወዲያው ነጭ ጋወን የለበሰች ልጅ ወጥታ ነይ ግቢ አለችኝ። ሌሎች ሰዎችም ተቀምጠው ነበር፤ እሷ ትቅደም፣ ብሷታል ሲሉ ሰማሁ። ሰው ከጠራኝ ብዬ ተነሥቼ ገባሁ። የጥርስ ሕክምና ቤት መሆኑን ያወቅሁት ወንበሩን ሳየው ነው።

ሐኪሙ ገና ወጣት ነው። የትኛው ጥርስ እንደሚያመኝ ጠየቀኝ። ጥርሴን አይደለም ለማለት አፌን ስከፍት መብራቱን አበራብኝ። ያን ጊዜ ድካሙ ይሁን ሐፍረቱ እንጃ፣ እንባዬ መጣ። ነጠላዬን ፈትቼ ሞተሩን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩና ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ስለ ይበልጣል፣ ስለ ግድግዳው፣ ስለ ባቄላው፣ ስለ ሰኞ።

ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ከዚያ ሞተሩን ወስዶ በመብራቱ አገላብጦ አየው። ጥርስ በሚሰረስርባት ቀጭን መሣሪያ የብሎኑን አናት ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቀው። ጩኸቷን ሰምተው በረንዳ ያሉት ሰዎች ሳያዝኑልኝ አልቀሩም። ሙቀቱ ማጣበቂያውንም ሳያለሰልሰው አይቀርም አለኝ። በስንጥቁ ውስጥ ጠፍጣፋ ነገር ከቶ ጠምዘዝ ሲያደርገው ብሎኑ ዞረ። በዓይኔ አየሁት፤ ዞረ።

እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ልነሣ ስል እንደገና ወደ ውስጥ አዞረው። ያበደ መሰለኝ።

"ማውጣቱን ለሳቸው እንተውላቸው" አለኝ። "አልወጣ ብሎኛል፣ መያዣ ብቻ አበጅቼለታለሁ፣ አለ ይበሏቸው። ካቻቢቴ ካላቸው ይበቃል።"

በሚካኤል ውሸት ይጭኑብኛል ወይ አልኩት።

"ውሸቱ የኔ ነው፤ እርስዎ መልእክተኛ ነዎት" አለና መሣሪያውን ማጠብ ጀመረ። ዋጋ ስጠይቀው ሌላ በሽተኛ አስጠራ።

ቤት ስደርስ ይበልጣል እንደተኛ ነው። ሞተሩን አጠገቡ አስቀመጥኩና መልእክቱን ነገርኩት። ቡሬ ድረስ መሄዴን ሲሰማ ዞር አለ። ለረጅም ጊዜ ብሎኑን ሳይሆን እኔን አየኝ። ጫማዬ ጭቃ ብቻ ነበር።

ካቻቢቴውን አምጭ አለኝ። ሞተሩን በጉልበቶቹ መካከል ያዘው፣ ካቻቢቴውን በቀኝ እጁ ጨበጠና በግራው ደገፈው። ካቻቢቴው ከስንጥቁ ይወጣል፣ እንደገና ያስገባዋል። ላግዘው እጄን ስዘረጋ በክርኑ ከለከለኝ። ላብ በላብ ሆነ። ብሎኑ ዞረ፣ ዞረ፣ ወጣና ሰሃኑ ላይ ቂው አለ። "የቡሬው ሐኪም ያቃተውን እነሆ" አለኝ። እኔም ጎበዝ አልኩና ልብሴን ለመቀየር ገባሁ።

ካርቶኑ ሰኞ አልሄደም። መኪናው ተገጥሞ ግቢያችን ውስጥ የጎረቤት ዶሮ ሲያባርር ሰነበተ። ይበልጣል አሁን በምርኩዝ ይሄዳል፤ እጁ ሙሉ በሙሉ አልዳነም፤ ላይድንም ይችላል። ሊጠይቀው የመጣውን ሁሉ እያስቀመጠ ሐኪም ያቃተውን ብሎን እንዴት እንዳወጣ ይተርካል። ባወራ ቁጥር እኔ ዓይኔን እሰብራለሁ።

ሰሞኑን ልብስ እያጠፍኩ ሳለሁ፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ ያ ሐኪም ጥሩ ሰው ነው አለኝ። የቱ ሐኪም አልኩ፣ እያወቅሁ።

"የቡሬው ነዋ። አላልቶ ነው የሰጠሽ" አለ። "ዕድሜዬን ብሎን ስፈታ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ የተነካና ያልተነካ ይጠፋኛል? ገና ሳላዞረው ነው ያወቅሁት።"

ታዲያ ለምን ዝም አልህ አልኩት።

"ስትገቢ አየሁሽ። በስብሰሽ፣ ከስተሽ፣ ቆመሽ ልትተኚ ደርሰሻል። መቸ እንዲህ እንደ ሆንሽ አላውቅም፤ ፊቴን አዙሬ ነበርና። በዚህ ድካምሽ ላይ ውሸትሽ ነው ልበልሽ?"

ያጠፍኩትን ልብስ ከጭኔ ላይ በግራ እጁ ወስዶ ጎኑ አስቀመጠ፤ ቀሪውንም ወደ ራሱ ጎተተና ማጠፍ ጀመረ። ሲያጥፍ ያጣምመዋል።

ድካሜ አልወጣልኝም። ይህን ስጽፍም ደክሞኛል። ግን ያን ሁሉ ጊዜ የማያየኝ ሰው የማስታምም ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ከቡሬ ከተመለስኩባት ቀን ጀምሮ እያየኝ ኖሯል። አሁን ልብሱን እሱ ያጥፋል፣ ተጣሞም ቢሆን አላስተካክለውም።