ፌንጣዋ ለልጇ የተወችው

ማክሰኞ ንጋት ላይ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተነሳሁ። የዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ረዳት ነበርኩ፤ መምህሬ ከዲላ በላይ ካለው የቡሌ ደጋ ገና የተጣለ የፌንጣ እንቁላል እንዳመጣላቸው ልከውኛል። እናቲቱ እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ሳለ የምታስቀምጥለት፣ በዓይን የማይታይ ኬሚካላዊ መመሪያ አለ፤ ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚያድገው በዚያ ነው። ስለዚህ እንቁላሉን ገና እንደተጣለ በየሰዓቱ እየለዩ አልኮል ውስጥ ከትቶ እድገቱን ባለበት ማቆም ያስፈልጋል። ዘመኑ የደርግ ነው፤ የይለፍ ወረቀቴ እስከ ቅዳሜ ብቻ ነበር የሚያገለግለው።

ሻሸመኔ ምሳ በላን። አንድ ኬላ ላይ ጠባቂው ጠርሙሶቼን አንድ በአንድ አሽትቶ መለሰልኝ። ዲላ ስንገባ መሽቶ ነበር።

ረቡዕ

በጭነት መኪና ወደ ቡሌ ወጣሁ። ጭቃው መኪናውን ሲይዘው የቀረውን ዳገት በእግር ጨረስነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ወስደው ወይዘሮ ዘነበች የሚባሉ እናት ቤት አሳረፉኝ፤ ቤታቸው በእንሰት የተከበበ፣ ልጆቻቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ቆጮ በጎመን አበሉኝ። ያን ቀንና ሐሙስን ሣር ለሣር ስንከራተት ዋልኩ። ፌንጣ ሞልቷል፤ እንቁላል የምትጥል ግን አጣሁ።

ዓርብ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት

ወይዘሮ ዘነበች ከመንገዱ ዳር ጠሩኝ።

"እዚህ ነው የምትወልደው" አሉ።

ፀሐይ ባሞቀው አፈር ላይ አንዲት ፌንጣ ሆዷን እስከ ወገቧ ቀብራለች። ትንፋሻችንን ይዘን አጠገቧ ተንበረከክን። ስትጨርስ ጉድጓዱን በአረፋ ደፈነች፣ በኋላ እግሯ አፈር መለሰችበትና ዘላ ሄደች።

ተመልሳ ትመጣ እንደሆነ ጠየቁኝ። ልጆቿ ሳይፈለፈሉ ትሞታለች አልኳቸው። ታዲያ አኗኗሩን ማን ያሳያቸዋል ሲሉኝ ስለ መመሪያው ነገርኳቸው፤ የአባትየው ድርሻ ሥራ ሳይጀምር የእናቲቱ ቀድሞ እንደሚሠራ፣ የሰውም አጀማመር እንዲሁ እንደሆነ።

 የራሳቸው እናት የሞቱት እሳቸውን ሲወልዱ እንደሆነ ነገሩኝ፤ መልካቸውን እንኳ አያውቁም።

"ከእሷ ምንም አልያዝኩም ብዬ ነበር የምኖረው" አሉኝ። "መጀመሪያ የያዘችኝ እሷ ናት?"

"አዎ፣ እማማ። መጀመሪያ እሷ ናት።"

አፈሩን በጣታቸው ቀስ ብለው ከፈቱት። እንቁላሎቹ እንደ ሩዝ ፍሬ ተደርድረዋል። ግማሹን እንድተውላት ለመኑኝ። ሁሉም ያስፈልገኝ ነበር፤ ግን ተውኩ። የወሰድኩትን ግማሽ በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት እየለየሁ አልኮል ውስጥ ከተትኩ።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ተነስቼ ማታ ቤቴ ገባሁ። ሰኞ በማይክሮስኮፕ ሳይ አስኳሉ መካከል መከፋፈል የጀመሩ ደቃቅ ነጥቦች ታዩኝ። ያቺ ፌንጣ ትታው የሄደችው ትእዛዝ ሲፈጸም ነበር ያየሁት። እስከዚያ ድረስ ይህ ለፈተና የማጠናው ነገር ነበር። ከቡሌ ወዲህ ግን እንቁላል በነካሁ ቁጥር መጀመሪያ የያዘችውን እናት አስባለሁ።