የዘይነባ መስኮት

ዛሬ ጉደር ጤና ጣቢያ፣ ለክትባት የተሰለፈች እናት ሕፃኗን ከፀሐይ በነጠላ ስትጋርድ አየሁና ዘይነባ ትዝ አለችኝ።

ልጅ ሆነን አምቦ የጎረቤታችን የባለሱቁ ልጅ ነበረች። ቤተሰቧ ከደቡብ ሲመጣ ክትባቱ አምልጧት ስለነበር ኩፍኝ ያዛት። ብርሃን ዓይኗን ስላመማት መስኮቷን በብርድ ልብስ ሸፈኑት። እኔም ከውጭ ቆሜ አጫውታት ነበር።

«የጋሪው ፈረስ የመምህራችንን ባርኔጣ በላው!»

«ወላሂ ትዋሻለሽ!» ትልና ስቃ ሳትጨርስ ታስላለች።

አንድ ቀን ግን ሳቋም ሳሏም አልተሰማኝም። አያቷ በሩን ገርበብ አድርገው፣ «ደክሟታል፣ ልጄ። አንቺ ግን አጫውቻት፤ ትሰማሻለች» አሉኝ።

ብቻዬን ሳወራ አመሸሁ። በነጋታው ወደ አዲስ አበባ ይዘዋት ሄዱ፤ ቤተሰቡም አልተመለሰም። ያን ቀን ሰምታኝ እንደሆነ የምጠይቀው ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።