ምርኮኞቹ ያፈሰሱት የኪሌሌሽዋ ወለል

ናይሮቢ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ጋሽ ታደሰ መዶሻና መሮ አስይዞ ኪሌሌሽዋ ሰፈር አንድ አሮጌ ቤት ወሰደኝ። «የኮሪደሩን ወለል ሰብረህ ታወጣለህ፤ ከዚያ ሴራሚክ እናነጥፋለን» አለኝ። እኔ ድሬዳዋ የግራኒሊያ ሠራተኛ ነበርኩ። የእብነ በረድ ስብርባሪ ከሲሚንቶ ጋር ለውሶ ማፍሰስ፣ ሲደርቅ በማሽን ፈግፍጎ ማብራት ነው ሙያዬ። ሴራሚክ መጥቶ እንጀራዬን ስለዘጋው ነው አገር ለቅቄ ናይሮቢ ካሳራኒ የገባሁት። እና የመጀመሪያ ሥራዬ ግራኒሊያ መስበር ሆኖ አረፈው።

ጎንበስ ብዬ ሳየው እጄ አልታዘዝ አለኝ። ወለሉ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ማዕዘን የለውም፤ ቆሻሻ እንዳይቋጥር እንደ ሳህን ጠርዝ ጎበጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። በኮሪደሩ መሀል ቀጭን የነሐስ መስመር ይሄድና በየበሩ ይታጠፋል። ይህን አሠራር ያስተማሩኝ ድሬዳዋ ያሉት መምህሬ አቶ አብዱ ናቸው፤ እሳቸውም ከጣሊያን ነው የተማሩት። ኬንያ ውስጥ የአቶ አብዱን እጅ ያየሁ መሰለኝ።

ባለቤቲቱ ማማ ንጄሪ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ማየት ካቆመ ቆይቷል። በተሰባበረ ስዋሂሊዬ ወለሉን ማን እንደሠራው ጠየቅኳቸው።

«የጣሊያን ምርኮኞች ናቸው» አሉኝ። «በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ከእናንተ አገር ማርከው ያመጧቸው። አባቴ ያኔ እዚህ ቤት ለሚኖር እንግሊዝ ወጥ ሠሪ ነበር፤ ቤቱን የገዛው ከነጻነት በኋላ ነው። ውሃ ያቀብላቸው ነበር። ሲያቦኩ ይዘፍናሉ ይለን ነበር። አንዱ ግን አይዘፍንም፤ ሐረር ጀምሮት የመጣ ወለል ነበረው አሉ፤ ‹ሳይፈገፈግ ቀረ› እያለ ይበሳጫል።»

ያን ሰውዬ ወደድኩት። ኪሌሌሽዋ ዛሬ የፎቅ ሰፈር ነው፤ ከየፎቁ ሥር የእነዚያ ሰዎች ሥራ ስንት እንደተቀበረ ማን ያውቃል። ምሳ ሰዓት ላይ ጋደም ብዬ ጉንጬን ወለሉ ላይ አደረግኩ። ቀዝቃዛ ነው። ጥቁርና ነጩ ጠጠር በመስኮቱ ብርሃን የሚንሳፈፍ ይመስላል። ሐረር ያለው ያልተፈገፈገ ወለል በዓይኔ ላይ ዞረ፤ እንቅልፍም ይዞኝ ሄደ። ጋሽ ታደሰ በእግሩ ነካ አድርጎ ቀሰቀሰኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልትሰብር ነው ልትተኛ የመጣኸው?»

«ይህ አይሰበርም ጋሼ፤ ይጠገናል» አልኩት።

የሚሰበርበት ምክንያት ነበረው። የኮሪደሩ መሀል ሰምጦ ተሰነጣጥቋል፤ ማማ ንጄሪም እዚያ ላይ ተደናቅፈው ወድቀዋል። እዚያው ናይሮቢ፣ ሩንዳ ሰፈር የሚኖረው ልጃቸው ኪማኒ እናቱን ወደ ቤቱ ሊወስድ ቆርጧል። እሳቸው ደግሞ ሞቼ እገኛለሁ ብለዋል።

«የልጄ ቤት ያምራል፤ እግሬ ግን አያውቀውም» አሉኝ። «እዚህ ነሐሱን በእግሬ እየዳሰስኩ ማድ ቤትም መኝታዬም እደርሳለሁ። ሴራሚክ ካነጠፋችሁ በገዛ ቤቴ ዕውር መሆኔ ነው።»

ኪማኒ ክፉ ሰው አይደለም፤ የእናቱ ነገር አስፈርቶት ነው። ወለሉ ሊጠገን እንደሚችል ስነግረው «እሺ ጠግኑት» አለ። «ግን ብቻዋን ማድ ቤት ካልደረሰች ይዣት እሄዳለሁ።»

ነጩን ጠጠር የመቃብር ሐውልት ከሚሠሩ ሰዎች ትራፊ፣ ጥቁሩን ከድንጋይ ካባ አመጣሁ። የሰመጠውን ቆርጬ አወጣሁ፤ ነሐሱን መልሼ በቦታው ተከልኩ፤ አፈሰስኩ። ሲደርቅ መጀመሪያ በሻካራው፣ ቀጥሎ በለስላሳው ድንጋይ ፈገፈግኩት። ነሐሱና ድንጋዩ እኩል ሆኑ። መዳፌን ባሳልፍበት የድሮውና የአዲሱ መጋጠሚያ አይታወቅም። ጋሽ ታደሰ እንኳ «አፍህ ብቻ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ኮራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ኪማኒ መጣ። ማማ ንጄሪ በባዶ እግራቸው ከመኝታ ቤት ወጡ። እንደሚያይ ሰው ቀጥ ብለው መጡና እኔ የሠራሁት ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እግራቸው ወደ ቀኝ ሄደ፣ ወደ ግራ ሄደ።

«ፉንዲ፣ የት አለ?» አሉ። ፉንዲ ባለሙያ ማለት ነው፤ እኔን ነው የጠሩት። ኪማኒ ሄዶ ክንዳቸውን ያዘ። ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ተንበርክኬ የድሮውን በኩል ዳሰስኩ። ነሐሱ ከወለሉ በጥቂቱ ከፍ ብሏል፤ በጥፍር የሚያዝ ያህል። ምርኮኞቹ እንደዚያ አልተዉትም፤ እነሱም እንደኔ እኩል አድርገው ነው የፈገፈጉት። ዘመኑን ሁሉ ሰው ሲመላለስበት ሲሚንቶው ተበላ፣ ነሐሱ ቀረ። ማማ ንጄሪ የሚከተሉትን መስመር ማንም አስቦ አልሠራውም፤ የሠራው የቤተሰቡ እግር ነው።

ኪማኒን እስከ ነገ እንዲታገሠኝ ለመንኩት። እናቱን አየ። «ታገሠው» አሉት።

በማግስቱ ነሐሱን ግራና ቀኝ ተከትዬ ሲሚንቶውን በእጅ ድንጋይ ዝቅ አደረግኩት። አቶ አብዱ ቢያዩኝ እጄን በዱላ ይመቱኝ ነበር። ጋሽ ታደሰ «ያማረውን ታበላሻለህ» እያለ ከላዬ ቆሞ አጉረመረመ።

ከሰዓት በኋላ ማማ ንጄሪ እንደገና መጡ። እዚያው ቦታ ላይ እግራቸው ትንሽ ዘገየ፤ ከዚያ ነሐሱን ይዞ ተንሸራተተ። በሩ ጋ ታጠፉ። ማድ ቤት ውስጥ የቧንቧ ውሃ ሲከፈት ተሰማን። ኪማኒ እናቱን ተሰናብቶ ብቻውን ወደ ሩንዳ ሄደ።

ዛሬ አብረውኝ ለሚሠሩ ወጣቶች የምነግራቸው ይህን ነው፦ ወለል ከማፍሰሳችሁ በፊት ማን እንደሚሄድበት ጠይቁ። ልስላሴውን የሚወስነው እሱ ነው።