እርፍ የጨበጥኩበት በልግ

ባለፈው ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ ሶፋ ላይ ጋደም ባልኩበት ልጄ ቴሌቪዥኑን ከፍታልኝ ወጣች። ባዶ መሬት ላይ ጎጆ ቀልሰው ስለሚኖሩ የፈረንጅ ገበሬዎች የሚተርክ ተከታታይ ድራማ ነበር። ድምፃቸው ተተርጉሞ አሁን በአማርኛ ያወራሉ። እናትየዋን ገና ሳያት አወቅኋት፤ ይህንኑ ድራማ በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ከቴፒ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን አይቼዋለሁ።

ያኔ ቴሌቪዥን ያለው በቀበሌው አዳራሽ ብቻ ነበር። እሁድ ከሰዓት በኋላ ጀነሬተሩ ሲነሳ የጫማችንን ጭቃ ደጃፉ ላይ እየጠረግን እንገባለን፤ የተቀቀለ ጎደሬ በቅጠል ጠቅልሎ የሚመጣም አይጠፋም። ንግግሩ እንግሊዝኛ ስለሆነ ትምህርት ቤት በለቃቀምኳት ጥቂት ቃል ለእናቴ በጆሮዋ አስረዳታለሁ፤ ያልገባኝን ከራሴ እሞላዋለሁ። መንደርተኛው እንደ አባቴ ከወሎ መጥቶ ጫካ መንጥሮ የሰፈረ ነው። ዕቃውን ጋሪ ላይ ጭኖ አዲስ አገር የገባ ቤተሰብ ሲያይ የራሱ ታሪክ ይመስለዋል።

የዚያን ዓመት በልግ ሲገባ ከበሬዎቻችን አንዱ ገፍትሮት አባቴ ቦይ ውስጥ ወደቀና እግሩ ተሰበረ። ወጌሻ አስሮት ተኛ። ዝናቡ ጀምሯል፤ በቆሎው ካልተዘራ የምንበላው የለም። ጎረቤቱ ሁሉ የራሱን ማሳ ለማድረስ ይሯሯጣል። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ እኔ ሴቷ ነኝ፤ ታናናሾቼ ገና ሕፃናት ነበሩ።

በዚያ እሁድ እናቴ ልትቀር ስትል፣ ትንሽ ተንፈስ እንድትል አባቴ ራሱ ገፋፍቶ ላካት። በዕለቱ የድራማው አባት ታሞ ተኝቷል። ሚስቱና ሴት ልጁ ፈረሶቹን ጠምደው ማረስ ሲጀምሩ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እናቴ አልሳቀችም። ስንመለስ መንገድ ላይ፣ ልጅቷ በዕድሜ እኔን ታህል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ታህላለች አልኳት።

ቤት እንደደረስን ያሰበችውን ለአባቴ ነገረችው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ገና ሳልሞት ልጄ እርፍ ጨብጣ ብትታይ ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው የሚለውን ልጆቹ አይበሉትም» አለችው፤ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

እሱ ጋቢውን ራሱ ላይ ሳበ።

ጠዋት ጠመድን። በሬዎቹ የሚያበላቸውን ሰው ይከተላሉና እናቴ ከፊት መራች፤ እኔ ከኋላ እርፉን ያዝኩ። ማረሻው አንዴ ይሰምጣል፣ አንዴ መሬቱን ጫር አድርጎ ያልፋል። መንገደኛ ቆሞ ያየናል። ፀሐይ ከፍ ሳትል መዳፌ ተላጠ፤ እናቴ ነጠላዋን ቀዳ ጠቀለለችልኝና ቀጠልን። ረፋዱ ላይ የማርታ እናት፣ የአገሩ ነባር ከሆኑት ከሸኮዎች ወገን የሆነች ጎረቤታችን፣ ዶማዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ መጣች። ሰው ምን እንደገረመው አልገባትም። «እኛ ጋ ሴት ናት የምትቆፍረው» ብላ፣ ማረሻው የዘለለውን ጓል እየከሰከሰች ተከተለችን።

እንዲህ እያልን ሰነበትን። አንድ ጠዋት ዞር ስል አባቴ በምርኩዝ እየተጎተተ ወጥቶ ማሳው ጫፍ ግንድ ላይ ተቀምጧል። ሊያስቆመኝ መስሎኝ ደነገጥኩና በሬዎቹን አቆምኩ። ትልሜን ከዳር እስከ ዳር አየው።

«እርፉን አትጫኚው» አለኝ በመጨረሻ። «ቀለል አድርገሽ ያዢው። በሬዎቹ ሥራውን ያውቁታል።»

የታችኛውን ማሳ ዝናቡ ቀድሞን አላደረስነውም። የላይኛው ግን በቀለ፤ ረድፉ ጠማማ ቢሆንም በቆሎው አፈራ፣ እየቆጠብን ከረምንበት። አባቴም ድኖ ትንሽ እያነከሰ ወደ እርሻው ተመለሰ። ቴፒ ገበያ ሰው ሲያላግጥበት «አዎ፣ ያረሰችው ልጄ ናት» ብሎ እንደመለሰ የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው።

ልጄ ስትመለስ ይህን ሁሉ አጫወትኳት። ከድራማው ነው የተማራችሁት ወይ አለችኝ። እናቴን በሕይወት ሳለች ይህንኑ ጠይቄያት፣ ድራማውን ባናይም እናርስ ነበር ብላኝ ነበር። አምናታለሁ፤ ሐሳቡ ከእሷ ነው፣ ድራማው ወሬውን ማንሻ ሆናት። የቴሌቪዥኑ ማሳ እዚያው ፕሮግራሙ ሳያልቅ ታርሶ አለቀ። የእኛ ግን በማግስቱም ይጠብቀን ነበር፤ በማግስቱም እንነሳ ነበር።