ባለ ጥምጥሙ ቁራና የሥርጉት በሬ

ከማንኩሳ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ሁለት ገበያተኞች ስለ ሥርጉት ቢያወሩ፣ አንዱ «የትኛዋ ሥርጉት?» ይላል፤ ሌላው «የቁራዋ» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ወዲያ የአባቷን ስም የሚጠይቅ የለም። ይህ ስም መጀመሪያ ሲወጣላት መሳለቂያ ነበር። ዛሬ ሰው በዚህ ስም የሚጠራት አክብሮ ነው። ስሙን ያስከበረው የአንድ ሐሙስ ጠዋት ሥራ ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ጠዋት በፊት የነበረውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ባሏ ጌታሁን ሲሞት ለሥርጉት አንዲት ሴት ልጅ፣ ሦስት ጥማድ ቀይ አፈርና አንድ በሬ ቀሩላት። ልጇ ያምሮት አድጋ ቡሬ ፋብሪካ ተቀጠረች። በሬው ዳልቻ ይባላል፤ ቀንዱ ወደ ፊት የቀና፣ ትከሻው የሰፋ፣ ሠላሳ ሰው ቢጠራው የማይሰማ፣ የሥርጉትን ድምፅ ሲሰማ ግን ጆሮውን የሚያቆም በሬ ነው።

በአገሩ ደንብ አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ያቀናጃል። የሥርጉት ዳልቻና የጎረቤቷ የታከለ በሬ ቦራ በአንድ ቀንበር ሥር ስድስት ክረምት አርሰዋል። ታከለ ለራሱ ሁለት ቀን ካረሰ ለእሷ አንድ ቀን ያርስላታል። ሴት ሞፈር አትጨብጥምና የእሷ ድርሻ በሬው፣ ገለባውና አረሙ ነው። ዳልቻ ከጎደለ ይህ ሁሉ ይፈርሳል። ታከለ ሌላ ባለ አንድ በሬ መፈለግ ግድ ይሆንበታል፤ የሥርጉት መሬትም ምርቱን ለሚካፈል ለእኩል አራሽ ይሰጣል። ለእኩል አራሽ የተሰጠ የመበለት መሬት ደግሞ በሁለተኛው ዓመት ድንበሩ ይገፋል፤ በአምስተኛው ዓመት ባለቤቱ ማን እንደ ነበረ ይረሳል። ይህን ሥርጉት በሁለት አክስቶቿ አይታዋለች። ስለዚህ ማታ ማታ ለራሷ እራት ከማቅረቧ በፊት የዳልቻን ግርግም ትመለከት ነበር።

ቁራው የመጣው ጌታሁን ከሞተ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ከትልቁ ጽድ ላይ ጎጆው በነፋስ ፈርሶ፣ ጫጩቱን ከመቃብሩ ሣር ላይ ወድቆ አገኘችው። ልትተወው ሦስት ርምጃ አልፋው ነበር፤ ጫጩቱ ግን አፉን ከፍቶ እየተንገዳገደ ተከተላት። «አፉን ከፍቶ የተከተለኝን ምን ብዬ ልለፈው?» ትላለች እስከ ዛሬ። በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ወሰደችው። በፍርፋሪ፣ በትል፣ በተረፈ ጅማት አሳደገችው። ላባው ሲሞላ ከማጅራቱ ላይ ነጩ ወጣ፤ ጥቁር ካባ ለብሶ ነጭ ጥምጥም ያደረገ ካህን መሰለ። «መምሬ» ብላ ስም አወጣችለት።

የደብሩ አገልጋይ ቄስ እንድሪያስ ይህን ሰምተው ቤቷ ድረስ መጡ።

«አንቺ ሥርጉት፣ በእኛ ማዕረግ ቁራ ትጠሪበታለሽ አሉ?»

«ምን ላድርግ አባ፣ ጠምጥሞ መጣብኝ።»

«ጠምጥሞ የመጣ ሁሉ ካህን ነው?»

«እሱንስ እርስዎ ያውቃሉ» አለች።

ቄሱ ሳቃቸውን በጭራቸው ከልለው ሄዱ።

መምሬ ክንፉ ሲጠና ከጫካው ዘመዶቹ ጋር ተቀላቀለ፤ ጠዋት ጠዋት ግን ከሥርጉት አጥር አይጠፋም። የገበያ ቀን ሲሆን ወደ ማንኩሳ የሥጋ ተራ ስለሚሄድ አይመጣም፤ ቀን አሳስቶ አያውቅም። የተሰጠውን ቁራጭ ሌላ ቁራ እያየው ከደበቀ፣ ያኛው ፊቱን ሲያዞር አውጥቶ ሌላ ቦታ ይቀብረዋል። ሰውንም ለይቶ ያውቃል። አንድ ጊዜ ከታከለ ቤት ቋንጣ ሊሰርቅ ሲል ታከለ በድንጋይ ክንፉን መታው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታከለ በሥርጉት በር ባለፈ ቁጥር መምሬ ከአናቱ ላይ እየዞረ ይጮህበታል። ታከለ ጋቢ ለብሶ ሞከረ፤ አወቀው። የዝናብ ልብስ ደርቦ ሞከረ፤ አወቀው። በመጨረሻ የሚስቱን የደስታነሽን ነጠላ ተከናንቦ፣ እንስራ አዝሎ፣ ጎንበስ ብሎ ሲያልፍ ቁራው እየጮኸ እስከ ምንጩ ሸኘው። ምንጩ ላይ የነበሩ ሴቶች ያን ዕለት ውሃ ሳይቀዱ ነው የተመለሱት ይባላል፤ በሳቅ።

«የቁራዋ ሥርጉት» የሚለው ስም የወጣው ያኔ ነው። ሰዎች ይስቁ እንጂ እሷ ታስተውል ነበር። አንድ ዓመት የታከለ አህያ ቆማ ገለባ እያኘከች ሳለች ቁራዎች ድምፅ ሳያሰሙ ወርደው ከአጠገቧ ቆሙ። ታከለ ሳቀባቸው። አህያዋ እኩለ ቀን ሳይሆን ሞተች። ሌላ ጊዜ ደግሞ የጎረቤት ጥጃ ሲወለድ ትንፋሽ አጥቶ፣ ሞተ ተብሎ ከአጥር ውጭ ተጣለ። ቁራዎች መጥተው ከአጥሩ ላይ ተቀመጡ፤ ሲጮሁ ቆዩ፤ አንዱም አልወረደም። ጥጃው ተነሣ። ሥርጉት ይህን አይታ በልቧ ያዘች።

ሐምሌ ገብቶ የሐዋርያት ጾም ከተፈታ ገና ሳምንት አልሞላውም ነበር። የመንደሩ ከብት የሚጠበቀው በተራ ነው፤ የረቡዕ ተራ ደግሞ የታከለ ነበር። ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ታከለ ከዛፍ ሥር ተጠልሎ ቆይቶ ቀና ሲል ከብቱ ተበትኗል። ሰበሰበው፤ ቆጠረው፤ ዳልቻ የለም። እስኪመሽ ተፈለገ፤ አልተገኘም።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ወንዶቹ «ጎርፍ ወስዶት ይሆናል» ብለው ወደ ወንዙ ወረዱ። ሥርጉት ልትከተላቸው ነጠላዋን ስታጣፋ መምሬ ከአጥሩ ላይ አረፈ። እንደ ልማዷ ቂጣ ቆርሳ ወረወረችለት። አላየውም። ጮኸ፤ ተነሥቶ ከአቀበቱ በኩል ካለው ብሳና ላይ አረፈና ዞሮ ተመለከታት። መምሬ ቂጣ ሲንቅ አይታ አታውቅም። ወደ ወንዙ መሄዷን ትታ ተከተለችው። እሷ ስትቀርብ ይነሣል፤ ስትዘገይ ይጠብቃል። ለእሷ ብሎ ይሁን ለሆዱ ብሎ፣ ሰው እስካሁን ይከራከርበታል።

ዳልቻ ጎርፍ ከሸረሸረው ጥልቅ ቦረቦር ውስጥ በጎኑ ተኝቷል። ጭቃው ሆዱን ይዞታል። የኋላ ቀኝ እግሩ ከሥሩ ታጥፎ ተቀብሯል። ዓይኑ ተገልብጧል። ከአፋፉ ዋንዛ ላይ ሰባት ቁራዎች ተቀምጠዋል፤ መምሬ ስምንተኛ ሆኖ ተቀላቀላቸው።

እሪታዋን ሰምተው ወንዶቹና ቄስ እንድሪያስ መጡ። ከፊት የወረደው ሀይሉ ነው፤ የመንደሩ አራጅ፣ ያለ እሱ ካራ ሠርግም ተዝካርም የማይደገስ ሽማግሌ። የበሬውን ጆሮ ዳሰሰ፤ ቀዝቃዛ ነው። የተቀበረውን እግር ነካ፤ አልተንቀሳቀሰም።

«ተሰብሯል። ነፍሱ ሳትወጣ በስመ አብ እንበልበትና ይታረድ። በክት ከሆነ ለውሻ ነው። በቅርጫ እንከፋፈለውና የሚዋጣውን ለሥርጉት እንሰጣለን» አለ፤ ካራውን ከአፎቱ እየመዘዘ።

ክፉ ሐሳብ አልነበረም። በዚያ አገር በሬ ገደል ሲገባ ጎረቤት የሚደርሰው እንዲህ ነው፤ ቀድሞ ባርኮ በማረድ፣ ሥጋውን በመካፈልና ባለቤቱን በመደገፍ። እርግጥ ነው፣ ጾሙ በቅርብ የተፈታ ነውና ያንዳንዱ ዓይን ካሁኑ ሽንጡን መርጧል።

«አይታረድም» አለች ሥርጉት።

ታከለ ወደ እሷ ቀረበ። ሌሊቱን እንዳልተኛ ፊቱ ይናገራል። «እቴ ሥርጉት፣ ተራው የኔ ነበር፤ ጥፋቱም የኔ ነው። አሁን ከልክለው በክት ቢሆን ሁለት ጊዜ ገደልሁብዎ ማለት ነው። ይተዉ፤ ይባረክ።»

«ታከለ፣ ቀና በልና ቁራዎቹን እያቸው።»

«አየኋቸው። እስኪሞት እየጠበቁ ነው።»

«አህያህን ጠብቀዋታል?»

ታከለ እንደገና ወደ ዋንዛው ቀና አለ።

ሀይሉ ግን ከታች ሆኖ ሳቀ። «ኖኅን የከዳው ወፍ ዛሬ ምስክር ሆኖ ቀረበ? ውሃው ጎድሎ እንደሆን አይተህ ና ቢባል ሬሳ ላይ ተቀምጦ የቀረ!»

ሰዎቹ ሳቁ። ሥርጉት ወደ ቄስ እንድሪያስ ዞረች። «አባ፣ ኤልያስ በተራበ ጊዜ ማን ነው የመገበው? እርስዎ ይንገሯቸው።»

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቁራ ነው» አሉ፣ ሀይሉን ሳያዩ። «ጠዋትም ማታም።»

«ጠዋትም ማታም» አለች ሥርጉት። ከዚያ ወደ ቦረቦሩ ወርዳ በዳልቻ ራስ አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «አያ ሀይሉ፣ ካራዎትን እዚህ ያስቀምጡት። ከእነዚህ ቁራዎች አንዱ ወርዶ ከዳልቻ ዓይን ላይ ከደረሰ፣ ካራዎትን በገዛ እጄ አቀብልዎታለሁ። እስከዚያ ግን በሬው የኔ ነው።»

ሀይሉ ቄሱን አየ፤ ቄሱ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ካራው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ሥርጉት ገለባ አስመጥታ የዳልቻን አንገትና ደረት ታሸው ጀመር። ደስታነሽ ለብ ያለ የጠላ አተላ በቅል ይዛ ደረሰች፤ ዳልቻ ግን አፉን አልከፈተም። ጊዜው ሄደ። ሰዎቹ መንሾካሾክ ጀመሩ። ሥርጉት እጇ አላቆመም፤ ልቧ ግን ዋንዛው ላይ ነበር።

በዚህ መካከል አንድ ቁራ ክንፉን ዘርግቶ ወረደ። ማጅራቱ ነጭ ነው፤ ምንቃሩም ወፍራም። መምሬ ነበር።

ሀይሉ ከተቀመጠበት ተነሣ። «ሥርጉት፣ የገዛ ልጅሽ ፈረደ» አለ። እጁንም ዘረጋ።

ሥርጉት ካራው ላይ እጇን ጫነች፤ አላነሣችውም። «ዓይኑ ላይ ከደረሰ ነው ያልሁት» አለች። ድምፅዋ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም። መምሬ ጭቃው ላይ እየዘለለ ቀረበ። ጭንቅላቱን አዘንብሎ በሬውን አየ። ወደ በሬው ራስ በኩል አንድ ርምጃ፣ ሁለት ርምጃ ሄደ። ቆመ። ከዚያ ዞረና ወደ ኋላ ሄዶ፣ የዳልቻን ጅራት ጫፍ በምንቃሩ ይዞ፣ ባለ በሌለ ጉልበቱ ጎተተ። ወዲያውም ወደ ኋላ ዘለለ።

ዳልቻ ተራገጠ።

የተራገጠው በዚያው ተሰብሯል በተባለው እግር ነው። ጭቃው ተፈንቅሎ ሄዶ ሀይሉን ከጢሙ እስከ ጉልበቱ ቀባው። መምሬ ዋንዛው ላይ ተመልሶ ጮኸ፤ ሌሎቹም አብረውት ጮኹ።

«የተሰበረ እግር እንዲህ አይራገጥም» አሉ ቄስ እንድሪያስ።

ሥርጉት ካራውን በእጀታው በኩል ለሀይሉ አቀበለችው። «ይያዙት፤ ሐረግና ቅርንጫፍ ይቁረጡበት። የሚረግጠው ነገር እናንጥፍለት።»

ሀይሉ ጢሙን ጠርጎ ካራውን ተቀበለና ወደ ቁጥቋጦው ወጣ። ከዚያ በኋላ ሥራ ብቻ ነበር። ታከለ በአካፋ ከሆዱ ሥር ቆፈረ፤ አካፋው አላደርስ ሲለው በእጁ ቆፈረ። ቅርንጫፉ ተነጠፈ። መጫኛ በደረቱ ዞረ። ሽንጥ የመረጡት ሰዎች ሁሉ መጫኛውን ያዙ፤ ቄሱም ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከመጨረሻው ገቡ። ሥርጉት ከፊት ቆማ «ዳልቻ» አለችው። ጆሮው ቆመ። «ና ዳልቻ።» ወንዶቹ ሆ ብለው ሳቡ። በሬው በፊት ጉልበቱ ተንበረከከ፤ ወደቀ፤ እንደገና ተንበረከከ፤ በሦስተኛው አራት እግሩን ተክሎ ቆመ። ተንቀጠቀጠ እንጂ አልወደቀም። ቅሉ ውስጥ ያለውን አተላ ጠጥቶ ጨረሰና ቅሉን ላሰው።

ወደ መንደር ሲገቡ ሴቶች በዕልልታ ተቀበሏቸው። ዳልቻ እያነከሰ ከፊት፣ ሥርጉት ከጎኑ፣ ጭቃ የለበሱ ወንዶች ከኋላ፣ ከሁሉም በላይ ስምንት ቁራዎች። የበዓል ሰልፍ ይመስል ነበር።

ዳልቻ አሥራ ሁለት ቀን አረፈ። ሐምሌ ሳይወጣ ታከለ ጠመደው፤ በዚያ ዓመት ግን የራሱን መሬት ትቶ መጀመሪያ የሥርጉትን አረሰ። «ቀድሞ የኔ ነበር የሚታረሰው፤ ከእንግዲህ የእርስዎ ይቅደም» አላት። ሦስቱም ጥማድ ጤፍ ተዘራበት። መምሬ ትል እየለቀመ ከትልሙ ኋላ ይከተል ነበር።

በመስቀል መንደሩ ቅርጫ ገባ። ሀይሉ ሥጋውን በአሥራ ሁለት መደብ ደልድሎ፣ ዕጣ ከመጣሉ በፊት አንዲት ትንሽ መደብ ለብቻዋ ከድንጋይ ላይ አኖረ። ከደምበጫ የመጣ እንግዳ «ይቺ የማን ናት?» አለ።

«የመምሬ ናት፤ የሥርጉት ሰው» አለ ሀይሉ ኮራ ብሎ። «የቁራዋ ሥርጉት። አታውቃትም?»

መምሬ ወርዶ ከሀይሉ እጅ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ድርሻውን አነሣ። ታከለ ይህን አይቶ ደፈረና ከራሱ መደብ ትልቅ ቁራጭ ይዞ ቀረበ። ቁራው ቁራጩን ቀበል አድርጎ ወደ ጣሪያው ወጣ፤ ደበቀው፤ ከዚያ ተመልሶ መጥቶ ከታከለ አናት ላይ እየዞረ ይጮህበት ጀመር።

«በሬውን አብረን አወጣን፤ ሥጋዬን ወሰደ። አሁንም ይቅር አላለኝም?» አለ ታከለ።

ሥርጉት የቁራውን ዙረት በዓይኗ ተከተለች። «ገና ነው» አለች።