የአስካለ ቀይ ፀጉር

ልጅ እያለሁ ሶዶ ከተማ ውስጥ ቀይ ፀጉር ያላት ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፤ ከገበያው በላይ ሱቅ የነበረው የዐረቡ ሚስት ዘይነብ። ሻሿን ስታስተካክል ከግንባሯ ላይ ብቅ የሚለው ፀጉር ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ፍም ይቀላል። እኛ ልጆች ጨው ግዙ ተብለን ስንላክ ቶሎ አንመለስም ነበር። ከባንኮኒው ሥር ቆመን ያቺ ሻሽ እስክትንሸራተት እንጠብቃለን። ሱቁ የቅርንፉድ፣ የላምባና የአዲስ አቡጀዲ ሽታ ነበረው። ያ ሽታ ዛሬም ድንገት ሲያገኘኝ ልቤ ወደ ሱቁ አይሄድም፤ ወደ አንዲት ልጅ ይሄዳል።

ዘመኑ ጣሊያን ገብቶ የተቀመጠበት ነው። አባቴ ከጦርነቱ ስላልተመለሰ ቤቱን የያዘችው እናቴ ነበረች። ቤታችን ከዳሞታ ተራራ ሥር፣ ጓሮው እንሰት የሆነ፣ ጠዋት ጠዋት ጭጋግ እስከ ደጃፉ የሚወርድበት ሰፊ ቤት ነበር። ወላጆቼ ከሰሜን መጥተው እዚያ ከተተከሉት ወገን ናቸው፤ በአባቴ ጊዜ የነበረው ሰውና ሲሳይ ሁሉ ሄዶ የቀረን ስሙና ኩራቱ ነው። እናቴ ያንን ኩራት እንደ ነጠላዋ ሳታጣጥፍ አትተኛም። ገበያ አትወርድም፤ ትልካለች። ውሃ አትቀዳም፤ ታስቀዳለች።

የምትልካትና የምታስቀዳት አስካለ ነበረች። አስካለ በገሱባ በኩል ካለ አገር፣ የአባቴን መሬት ከሚያርሱ ሰዎች ቤት ገና ትንሽ ሆና የመጣች የወላይታ ልጅ ናት። እኔን በጀርባዋ አዝላ አሳድጋኛለች። አማርኛን እኛው ቤት ስለ ለመደችው ወንዱንና ሴቱን ትደባልቀው ነበር፤ ሴቷን ልጅ እኔን ጠዋት ስትቀሰቅሰኝ «ተነሣ፣ ፊትህን ታጠብ» ትለኛለች። እኔም ወንድ ሆኜ እየተንጎራደድኩ እወጣና ሁለታችን በሳቅ እንሞታለን። ቦዬ የሚሉትን ሥራ ሥር ቀቅላ፣ ዳጣ ከሚባለው የቃሪያ ድቁስ ጋር በኮባ ቅጠል ጠቅልላ፣ እናቴ ሳታይ ጓሮ ታበላኝ ነበር። ያ የሚያቃጥል የዳጣ ጣዕም አሁንም ምላሴ ላይ አለ።

ታላቅ እህቴ ዘነበች ቤሌ ከተማ ለሚነግድ ሰው ታጭታ በጥር ልትዳር ነበር። ሠርጉ ሲቃረብ አንድ ነገር ይዛ አልለቅ አለች፤ ፀጉሬ እንደ ዘይነብ ይቅላልኝ። እናቴ መጀመሪያ ተቆጣች።  አባት የሌላት ሙሽራ ናት ብላ ይሆናል፣ በመጨረሻ ልቧ ራራ። ዘይነብም ፀጉሯን ከምታቀላበት የሂና ዱቄት አንድ ከረጢት እንዳላትና ለሙሽራዋ እንደምታስቀምጥላት ለእናቴ ላከችላት፤ መንገዱ በጦርነቱ ተበላሽቶ ሌላ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም ነበርና። ለጊዜው እንድንሞክረው ትንሽ በወረቀት ቋጥራ ሰጠችን።

በዚያ ሰሞን ድሬዳዋ የኖረችው አክስቴ እትዬ በላይነሽ ለሠርጉ መጥታ ነበር። ሂናውን በጣቷ ቆንጥራ አሸተተችና፣ «ይኼ ብቻውን በእንዲህ ያለ ጥቁር ፀጉር ላይ አይታይም። ቆለኞቹ መጀመሪያ ኖራ ይቀቡና ፀጉሩን ያነጡታል፤ ከዚያ ነው የሚቀላው» አለች።

«ኖራ? በሙሽራ ራስ ላይ?» አለች እናቴ።

«ታዲያ በሙሽራዋ ማን ጀምሪ አለሽ? መጀመሪያ በሌላ ሰው እንየው።»

ሌላ ሰው ሲባል ሁላችንም የዞርነው ወደ አንድ ቦታ ነው። አስካለ ከደጃፉ ተቀምጣ ቦዬ ትልጥ ነበር። ማንም እሺ ትያለሽ ወይ ብሎ አልጠየቃትም። እናቴ «ነይ እስቲ» አለቻት፤ እሷም እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጣች።

ፀጉሯን ከሦስት ከፈሉት። በቀኝ በኩል ሂናውን ብቻ፣ መሃሉን ሂናውን በሎሚ፣ በግራ በኩል ደግሞ ጣሊያኖቹ ለግንባታ ካመጡት ኖራ መጀመሪያ ቀብተው አቆዩት። እኔ ሳህኑን ይዤ ቆሜ ነበር። ጥቂት እንደ ቆየች አስካለ አንገቷን ሰበቅ አደረገችና «እሜቴ፣ ያቃጥላል» አለች። እናቴ ኖራውን ልታነሣ እጇን ስትዘረጋ አክስቴ «ትንሽ ትቻል፣ አሁን ቢነሣ ከንቱ ነው» አለች። እናቴ እጇን መለሰች። አስካለ ዓይኗን ጨፍና ጉልበቷን ጥርቅም አድርጋ ያዘች።

ኖራው ተነሥቶ በላዩ ሂናው ከተቀባ በኋላ፣ ሁሉም ታጥቦ ሲደርቅ ቀኙ ፀሐይ ላይ ካልወጣች በቀር ጥቁር ነው። መሃሉ እንደ ሸክላ ደብዘዝ ብሎ ቀልቷል። ግራው ግን የቀበሮ ጭራ መስሎ ቦግ ብሏል። አክስቴ አገጯን ይዛ እያዞረች አየቻትና «መሃለኛው ነው ለሙሽራ የሚያምረው» ብላ ቀለሙን መረጠች። ዘነበች አጨበጨበች። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። መስታወቱ እናቴ ክፍል ስለነበረ አስካለ ራሷን አላየችም፤ እኔን ነው «ምን ይመስላል?» ያለችኝ። «ያምራል» አልኳት፤ አፌን በእጄ ይዤ።

ምን እንደሚመስል የነገሯት ምንጭ ላይ የነበሩ ልጆች ናቸው። እንስራዋን ሳትሞላ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ወዲያ ማሰሪያ ጨርቅ ከራሷ አልወረደም። ከግራ ጆሮዋ ኋላ ቆዳው ውሃ ቋጥሮ ፈንድቶ እንደነበረ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ጀርባዋ ላይ መታዘል ቢቀርብኝም ከኋላዋ እየተንጠለጠልኩ መጫወት አልተውኩም ነበርና። ለእናቴ ስነግራት «ቅቤ ይቀባ» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች። የዚያን ቀን ግን ምሳዋን አልበላችም።

ነገሩ እንዲህ እንዳለ ከገሱባ የመጣ ሰው መልእክት አደረሰ። ያን ጊዜ ገባርነት ቀርቷል ስለተባለ ከየቤቱ ሠራተኞች ወደ አገራቸው ይመለሱ ነበር። የአስካለም እናት በሠርጉ ሰሞን መጥታ ልጇን ትወስዳለች ተባለ። እኔ አለቀስኩ። አስካለ ደስ ይላታል ብዬ ሳያት ፊቷ አመድ ሆኗል።

በማግስቱ ጠፋች። እናቴና እኔ ስንፈልጋት ጓሮ እንሰቱ መሃል ተቀምጣ የጎመን ቢላዋ ይዛ ፀጉሯን ከሥሩ ስትገዘግዝ አገኘናት። እናቴ ቢላዋውን ነጠቀቻት። «አብደሻል? ምን ልትሆኚ ነው?»

አስካለ ሽቅብ አየቻት። «ከቆረጥኩት እናቴ ማን ሞተብሽ ትለኛለች። ካልቆረጥኩት ምን አደረጉሽ ትለኛለች። ምን ልበላት እሜቴ?»

እናቴ፣ ያቺ ሴት፣ አጎዛ ሳይነጠፍላት የማትቀመጠው፣ እርጥብ አፈር ላይ ከአስካለ አጠገብ ቁጭ አለች። ቢላዋውን ጭኗ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋችና አስካለን እጇን ይዛ ወጣች። እኔ ከኋላ ከኋላቸው ሮጥኩ። በሕይወቴ እናቴን ወደ ገበያ ስትወርድ ያየኋት ያኔ ነው። የሚያውቋት ሰዎች መንገድ እየለቀቁ እጅ ሲነሷት አንገቷን ቀና አላደረገችም።

ዘይነብ የአስካለን ጨርቅ ፈታ ጆሮዋ ሥር ያለውን ቁስል አየችና ፊቷ ተለወጠ። «ማነው ይኼን ያደረገው?»

አክስቴ ናት ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። እናቴ ግን «እኔ ነኝ» አለች።

ዘይነብ መከረቻት። ኖራ ዳግመኛ እንዳይነካት፤ ቁስሉ እስኪሽር በለጋ ቅቤ እንድታለሰልሰው። ከዚያ የነደደውን ግራ ጎን ብቻ ሂና ቀብቶ ማጠብ፣ ደግሞ መቀባት፣ እየጠቆረ ወደ ሌላው ሲቀርብ ያን ጊዜ ራሱን በሙሉ አንድ አድርጎ መቀባት። «ግን ብዙ ይበላል» አለች። «ያስቀመጥኩላችሁ ከረጢት ለአንድ ራስ ነው። ለሁለት አይበቃም።»

እናቴ ከረጢቱን ተቀበለች።

ቤት ስንደርስ ዘነበች ነገሩን ሰምታ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «የእኔስ?»

«አንቺ ጥቁር ፀጉር ይዘሽ ብትዳሪ ማንም ምን አደረጉሽ አይልሽም» አለቻት እናቴ።

«ኧረ ተይ፣ ልጅ እኮ ናት፤ ነገ ትረሳዋለች» አለች አክስቴ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» አለችና እናቴ እጅጌዋን ሰበሰበች።

ቁስሉ ሲደርቅ በፀሐይ፣ በደጃፋችን ላይ፣ እናቴ አስካለን ከጉልበቷ መሃል አስቀመጠቻት። ሂናውን በሙቅ ውሃና በሎሚ ራሷ አቦካችው። እኔ ውሃ አፈሳለሁ። እናቴ የአንዲት የቤት ሠራተኛን ራስ ስታጥብ አይቼ አላውቅም፤ አስካለም አላየችም መሰለኝ፣ መጀመሪያ ትከሻዋ ደንድኖ እንጨት ሆነ። ግራውን ቀባች፣ አጠበች፣ ደግማ ቀባች። ጆሮዋ ጋ ስትደርስ ጣቷን ታዘገይና «ያቃጥላል?» ትላለች። «አያቃጥልም» ትላለች አስካለ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ትጠይቃታለች። ራሱ በሙሉ ተቀብቶ የሚጠቀለልበት ሲፈለግ፣ ስታኮርፍ የነበረችው ዘነበች በእሳት የለበለበችውን ኮባ ይዛ መጣች። ከእናቴ ጋር ሆና ጠቀለለችላት። የተለበለበ ኮባ፣ የሎሚና የሂና ሽታ ግቢውን ሞላው። አስካለ ከኮባው ሥር ስታንቀላፋ እናቴ ጀርባዋን አስደግፋት ሳትነቃነቅ ተቀመጠች።

ሲፈታ ፍጹም አንድ አልሆነም። ግራው ከቀኙ ትንሽ ይፈካ ነበር። ግን እንደ ደረቀ በርበሬ ጠቆር ያለ፣ ፀሐይ ሲመታው የሚያበራ ቀይ ነበር። ከዘይነብም ያምራል። እናቴ መስታወቱን ከክፍሏ አውጥታ ሰጠቻት። አስካለ ብዙ አየችው፤ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም።

የሠርጉ ዕለት እህቴ ጥቁር ፀጉሯን ተሠርታ ወጣች። የእናቴ መዳፍ ቀይ እንደ ሆነ ስለነበር ሚዜዎቹ ሲስሟት አዩት፤ ማንም አልጠየቀም። ዳሱ ሞልቶ ሲዘፈን አንዲት ትንሽዬ ሴት ጥቅል በእጇ ይዛ ከበሩ ቆመች። ጮክ ብላ «ጋላቴ!» አለች። ማንን እንደምትጠራ አልገባኝም። አስካለ የያዘችውን ሌማት ጥላ ሮጠች። አብሬያት ስበላ፣ ጀርባዋ ላይ ስተኛ ኖሬ እናቷ ያወጣችላትን ስም አላውቅም ነበር። አስካለ ያልናት እኛ ነን።

እናቷ ፀጉሯን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ፀሐይ አዞረችው። ከጆሮዋ ኋላ ያለውንም ጠባሳ አየች። በወላይትኛ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ልጅቱ አጭር መልስ መለሰች። ወላይትኛ የምትሰማው እናቴ፣ አጠገባቸው ቆማ የነበረችው፣ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ሳይመሽ ተነሡ። እናቴ እንግዶቿን ትታ እስከ ትልቁ መንገድ ሸኘቻቸው። አስካለ ጉንጬን ሳመችኝና «ደህና ሁን» አለችኝ። ያን ቀን ወንድ ሆኜ አልተንጎራደድኩም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የልጆች እናት ሆኜ፣ በአንድ የለቅሶ መንገድ ገሱባ ገበያ ገባሁ። ቆጮ ከሚሸጡት ሴቶች መሃል በድምጿ ለየኋት። ተቃቅፈን ቆየን። የእናቴን ማረፍ ስነግራት ከንፈሯን መጠጠች፤ «ደግ ነበሩ» አለች፤ ቀጥላም «ቤታችሁን ግን በሕልሜ ሳየው እነቃለሁ» አለችኝ። ለዘመናት ሲከነክነኝ የኖረውን ጠየቅኳት፤ እናቷ ያን ዕለት ምን እንዳለቻትና ምን እንደ መለሰች።

«ምን አደረጉሽ አለችኝ። ለሠርጉ አስዋቡኝ አልኳት። ሌላ ብናገር እግሯ አይሄድም ነበር። መንገዱ ሩቅ ነው።»

«እናቴ እስክትሞት ከብዷት ነበር» አልኳት። «እኔንም ይከብደኛል። በድለንሻል።»

ቆጮውን በኮባ መጠቅለል ጀመረች፤ ጠቅልላ እስክትጨርስ ቀና አላለችም። ከዚያ «ይሁን» አለች።

በእኛ ዘመን ትልቅ ሰው ልጅን፣ ጌታ ሎሌን በአፉ ይቅርታ አይጠይቅም ነበር። የሚክስ በእጁ ይክሳል፤ የማይክስም ዝም ይላል። ዛሬ የልጅ ልጆቼ ሲጋጩ እንኳ «ሶሪ» ይባባላሉ፤ ሌላውም ወዲያው «ችግር የለም» ይላል፤ ጨዋታቸው አይቋረጥም። የማንም ልጅ ይሁን የማን፣ የአማራው ከወላይታው፣ በአንድ ግቢ አብረው ይሯሯጣሉ። ደስ ይለኛል፤ ቃሉ እንዲህ ቀሎላቸው በማደጋቸው እቀናባቸዋለሁ። እኔ የተሰጠችኝ ያቺ አንዲት ቃል ናት። ምሬሻለሁ አላለችኝም፤ አልምርሽም አላለችኝም። ይሁን አለችኝ፤ እኔም ይዣት እኖራለሁ።